የሲሊኮን ገጽና የአረጋዊ ጣት

 

የተሰጠኝ ርእስ «የሰሚኮንዳክተር ገጽ ምርምርና የአረጋውያን እንክብካቤ መሻሻል» የሚል ነው። ይህን የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከወዲሁ ላስቀምጠው። የሕመምተኛን ትንፋሽና ደም የሚከታተሉ መሣሪያዎች ሰውን የሚያውቁት በገጽ በኩል ነው። በአንድ ወገን የሲሊኮኑ ገጽ አለ፤ በሌላው ወገን የሰው ቆዳ አለ። የመጀመሪያውን የሚያጠናው የፊዚክስ ሰው ነው፤ ሁለተኛውን በየዕለቱ በእጇ የምታውቀው ነርሷ ናት። እነዚህ ሁለቱ ካልተነጋገሩ ጉዳቱ የሚያርፈው አልጋ ላይ በተኛው አረጋዊ ላይ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከገጽ ልጀምር። ሲሊኮን የተባለው ሰሚኮንዳክተር በውስጡ ሥርዓት ያለው ነገር ነው፤ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተሳስሮ ይኖራል። ክሪስታሉ ሲቆረጥ ግን ጫፍ ላይ የቀሩት አቶሞች ጎረቤት ያጣሉ፤ ትስስራቸው ሜዳ ላይ ይቀራል። ከሸማኔ እጅ እንደ ወረደ ያልተቋጨ ነጠላ ማለት ነው፤ ጫፉ ላይ የተበተነው ክር ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ሲሊኮኑም አየር ላይ ሲተው ኦክስጅኑንም፣ እርጥበቱንም፣ ቅባቱንም ይለቅማል። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ከ600 ትሪሊዮን በላይ አቶሞች ስላሉ ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። በ1945 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ዊልያም ሾክሊ የሚባል ሳይንቲስት በሰሚኮንዳክተር ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት ከውጭ በሚሰጥ ኤሌክትሪክ መስክ ለመቆጣጠር ሞከረ። በስሌቱ መሠረት መሥራት ነበረበት፤ አልሠራም። ምክንያቱን የደረሰበት ጆን ባርዲን ነው፤ ገጹ ላይ የቀሩት ቦታዎች ኤሌክትሮኖችን ይዘው መስኩ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ጋረዱት። ይህን ገጽ ሲመረምሩ ነው ባርዲንና ዋልተር ብራቴን በዲሴምበር 1947 የመጀመሪያውን ትራንዚስተር የሠሩት። በ1956 ሦስቱም የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ቀጥሎ የምጠራውን ስም ያዙልኝ፤ ሞሐመድ አታላ። ፖርት ሰይድ ተወልዶ፣ ካይሮ የተማረ፣ እኛ የምንጠጣውን የዓባይን ውሃ ጠጥቶ ያደገ መሐንዲስ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር የሲሊኮኑን ገጽ በከፍተኛ ሙቀት የራሱን ኦክሳይድ ሲያለብሱት የተበተነው ጫፍ እንደሚታሰር አሳየ። በዚህ መንገድ በደንብ የተሠራ ገጽ ላይ ችግር ፈጣሪ ሆኖ የሚቀረው ቦታ ከ100,000 አቶም አንድ ያህል ብቻ ነው። በ1959 አታላና የሴኡሉ ልጅ ዳዎን ካንግ ሞስፌት የሚባለውን ትራንዚስተር ሠሩ። ሾክሊን ያቃተው ሐሳብ ገጹ ሥርዓት ሲይዝ ሠራ። በየኪሳችሁ ባለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የዚያ ትራንዚስተር ልጆች አሉ።

ረጅም ዘመን የሠራሁበት ጥያቄ ግን ከዚህ ያነሰ የሚመስል ነው፤ ምንም ሳይለብስ የቀረ ንጹሕ ገጽ ራሱን እንዴት ያደራጃል? ይህን ለማየት መጀመሪያ ሲሊኮኑ ከተቀመጠበት ዝግ ዕቃ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። በውስጡ የቀረው ጋዝ ግፊት ቶር የተባለው የግፊት መለኪያ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሆን እንኳ ገጹ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሊሸፈን ይችላል። ለሰዓታት ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ከዚያ 10,000 ጊዜ ያነሰ ግፊት ይፈለጋል። በ1959 ሽሊየርና ፋርንስዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮን ልከው ሲያዩት የአንዱ ሲሊኮን ገጽ ንድፍ ከውስጡ ንድፍ ሰባት እጥፍ በሰባት እጥፍ ሰፍቶ አገኙት። ገጹ የውስጡ ግልባጭ አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ሰባት በሰባት የፊዚክስን ሰዎች ከ20 ዓመት በላይ አከራከረ። በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር በዙሪክ አቅራቢያ ባለው የአይቢኤም ላቦራቶሪ እጅግ የሾለ መርፌ ገጹን ሳይነካው በላዩ የሚያልፍበትን ማይክሮስኮፕ ሠሩ። በ1983 የዚያን ገጽ አቶሞች አንድ በአንድ የሚያሳይ ምስል አወጡ፤ በ1986ም ኖቤል ተሸለሙ። በ1985 የጃፓኑ ታካያናጊና ባልደረቦቹ ሙሉ አሠራሩን ዘረዘሩ፤ ሊበተኑ ይገባ ከነበሩት 49 ጫፎች 30ዎቹ ታስረው 19 ብቻ ይቀራሉ። ከላይ የተቀመጡት 12 አቶሞች ናቸው አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት። በላቦራቶሪ ጨለማ ውስጥ ያን ንድፍ ስክሪን ላይ ያየ ተማሪ ፊቱ ሲበራ ደጋግሜ አይቻለሁ። ነርሶቹ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፤ ገጽ የራሱ ሕግ አለው። ውስጡን ማወቅ ገጹን ማወቅ አይደለም።

አሁን ወደ አልጋው እንሂድ። ሁላችሁም የምታውቁት ጣት ላይ የሚሰካ መሣሪያ አለ፤ ፐልስ ኦክሲሜትር። በአንድ ወገኑ ሁለት ጥቃቅን የሰሚኮንዳክተር መብራቶች አሉት። አንዱ በ660 ናኖሜትር አካባቢ ቀይ፣ ሌላው በ940 አካባቢ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ይረጫል። በሌላው ወገን ብርሃን ተቀባይ ሲሊኮን አለ። ኦክስጅን የያዘ ደም ቀዩን ብዙ ያሳልፋል፤ ያልያዘው ይመጥጠዋል። ጣት አልፎ ከሚመጣው ብርሃን ውስጥ ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ጥቂት መቶኛ ብቻ ስለሆነ፣ የተቀባዩ ገጽ በደንብ ያልታሰረ ከሆነ ይህ ደካማ መልእክት በገጹ ሁካታ ይዋጣል። የአታላ ኦክሳይድ ከአረጋዊ ትንፋሽ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያው የተገኘበት መንገድም የሚያስደንቅ ነው። የኒሆን ኮደን ኩባንያ መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ የልብን የደም ግፊያ መጠን ለመለካት ደም ውስጥ ቀለም አስገብቶ በጆሮ በኩል በብርሃን ይከታተል ነበር። የደም ሥር ምቱ ልኬቱን አወከበት። ሁካታውን ለማጥፋት ሁለት ዓይነት ብርሃን ተጠቀመ፤ ተሳካለትም። ነገር ግን የሰውየው ኦክስጅን ሲለዋወጥ ሁካታው ተመልሶ ይመጣል። አዮያጊ ያን ጊዜ አስተዋለ፤ የሚያውከው ምት ራሱ የደም ቅዳውን ኦክስጅን የሚናገር ነበር። ሐሳቡን በ1974 ለጃፓን ባለሙያዎች አቀረበ። ያረፈው በአፕሪል 2020 ነው፤ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ መካከል የሠራው መሣሪያ በመላው ዓለም በየአልጋው ሕይወት እየጠበቀ ነበር። በ2011 የተቋቋመው ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት ይህን መሣሪያ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ቀዶ ጥገና ክፍሎች ሲያዳርስ ቆይቷል፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት።

ሰሞኑን ልቤን የያዘው ግን ሌላ ነው። በዲሴምበር 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ አንድ ጥናት አወጡ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያሳይ፣ ከደም ቅዳ የተወሰደው ደም ግን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘበትን ጊዜ ቆጠሩ። በነጮቹ ሕሙማን ልኬቶች ውስጥ 3.6 በመቶ ነበር፤ በጥቁሮቹ 11.7 በመቶ። ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ኦክስጅን ያጠረው ሰው «ደኅና ነህ» ይባላል ማለት ነው።

ምክንያቱ ገጽ ነው፤ የኛ ገጽ። ሜላኒን ብርሃን ይመጥጣል፤ ቀዩንም ከኢንፍራሬዱ አብልጦ ይመጥጣል። በመርሁ ይህ ምጠጣ ከምት ጋር ስለማይለዋወጥ፣ መሣሪያው የሚለዋወጠውን ብርሃን ለማይለዋወጠው ሲያካፍል መሰረዝ ነበረበት። ነገር ግን ከመብራቱ የሚወጣው ቀይ አንድ ሞገድ ብቻ አይደለም፤ ሰፋ ያለ ነው። ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ቆዳው ይህን ቅንብር ይለውጠዋል የሚል ነው። በዚህ ላይ መሣሪያው ከብርሃን ወደ መቶኛ የሚተረጉምበት ሰንጠረዥ የሚዘጋጀው በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ተለክቶ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የ2013 መመሪያ ቢያንስ 10 ሰዎች ይበቃሉ፤ ከእነዚህም ቢያንስ ሁለቱ ወይም 15 በመቶው ጠይም ወይም ጥቁር ይሁኑ ይል ነበር። በጃንዋሪ 2025 የወጣው አዲስ ረቂቅ ቁጥሩን ወደ 150 ከፍ አድርጎታል።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ አትፍረዱብኝ። ይህ ችግር በ2020 አልተወለደም። በ1990 ጁብራንና ቶቢን የተባሉ ሐኪሞች በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ባሉ ሕሙማን አይተውት ጽፈዋል፤ በ2005 ደግሞ ቢክለርና ባልደረቦቹ በፈቃደኞች ላይ ለክተው አሳይተዋል። ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ነበር። መሣሪያውን የሚሠራው አላነበበውም ወይም ቸል ብሎታል፤ አልጋው አጠገብ ያለችው ነርስ ደግሞ አልተነገራትም። ሁለት ሙያ ሲራራቅ 30 ዓመት እንዲህ ያልፋል።

አንዲት አሮጊት አክስቴ ታመው ሆስፒታል ሲተኙ አስታማሚ ሆኜ አድሬ ነበር። እጃቸው እንደ ውርጭ ቀዝቅዟል። መሣሪያው 95 ይላል። ተረኛዋ ሲስተር እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ አሞቀች፤ ደግማ ሰካች፤ ያው 95። ሰዓቷን አይታ ትንፋሻቸውን ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ማሽኑ ደኅና ነው ይላል፤ እማማ ግን ደኅና አይደሉም» አለችኝ። ሐኪሙን ጠራች፤ ከደም ቅዳ ደም ተወሰደ፤ ውጤቱ በእርግጥም ከማሽኑ ዝቅ ያለ ነበር። ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ ሲነጋጋም ስሜን ጠርተው ውሃ ጠየቁኝ። የዚያች ልጅ ሁለት እጅና አንድ የእጅ ሰዓት ማሽኑ ያልደረሰበት ደርሰዋል። በአረጋውያን ላይ ነገሩ የሚከፋው በዚህ ነው። እጃቸው ይቀዘቅዛል፣ የደም ዝውውራቸው ይዳከማል፣ አንዳንዶቹም ይንቀጠቀጣሉ፤ መልእክቱ ገና ከመነሻው ደካማ ነው።

ሰዓቱ ስለገፋ በርእሱ ላይ «የአረጋውያን እንክብካቤ» የተባለውን በአጭሩ ላንሳ። ነርስነት ራሱ ጥብቅ ምርምር መሆኑን ለፊዚክስ ተማሪዎቼ መናገር እወዳለሁ። በ1962 እንግሊዛዊቷ ነርስ ዶሪን ኖርተን ከባልደረቦቿ ጋር አረጋውያን ሕሙማንን አጥንታ የመኝታ ቁስልን የሚከላከለው የሚቀባ ቅባት ሳይሆን ሕመምተኛውን በየጊዜው ማገላበጥ መሆኑን አሳየች። ለአደጋ የተጋለጠውን ቀድሞ ለመለየትም ከ5 እስከ 20 የሚሄድ መመዘኛ አወጣች፤ 14ና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ያሰጋል። ያም የገጽ ጥናት ነበር፤ የቆዳ።

በ2014 ደግሞ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎችን መርምረው ላንሴት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አገኙ። የእንክብካቤውን ወጪ ለመሸፈን ጃፓን በ2000 ለአረጋውያን እንክብካቤ ብቻ የሚሆን መድን ጀምራለች። እኛ ዘንድ ይህን ሸክም የሚሸከሙት ቤተሰብ፣ ጎረቤትና እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ ፈቃድ ማዕከሎች ናቸው። በአሜሪካ የአረጋውያን መኖሪያዎች በነርስ ረዳትነት፣ በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሌላውን እናትና አባት የሚጦሩ ልጆቻችንም ብዙ ናቸው። ያካበቱት ዕውቀት ሊመዘገብ ይገባዋል።

ስለዚህ ልመናዬን ዘርዝሬ ልጨርስ። የፊዚክስ ተማሪዎች፤ የምትሠሩት መለኪያ በመጨረሻ የሚሰካው በማን ጣት ላይ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ ሄዳችሁም አንድ ሌሊት ከነርስ ጋር ቁሙ። የነርስነት ተማሪዎች፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከፊዚክስ ተማሪ ጋር አጣምራችሁ ጻፉ፤ ማሽኑ ካያችሁት ጋር ሲጣላ መዝግቡት፣ ሰዓቱንም ቁጥሩንም አስፍሩ። ለሆስፒታል መሣሪያ የምትገዙ ኃላፊዎች፤ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት «ይህ መሣሪያ የተሞከረው በእነማን ላይ ነው? ጥቁር ቆዳ ያላቸው ስንት ነበሩ? ከ70 ዓመት በላይ የሆኑትስ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ የሌለውን አትግዙ። ከአራት ኪሎ የፊዚክስ ክፍል እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው፤ ከነገ ጀምሮ እንመላለስበት።