ጠግቦ የተራበው እንስሳ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተሰማ ንግግር)





ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ታላላቅ ነገሮች አሰምተውናል። እኔ ግን የምናገረው አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ትንሽ እንስሳ ነው፤ ስሙም ጊኒ ፒግ ይባላል።

ይህ ስም ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ጊኒ ቢባልም አገሩ ጊኒ አይደለም፤ ፒግ ማለት ዐሣማ ቢሆንም እርሱ ዐሣማ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ያላመዱት፥ ሣር በል የሆነ የጃርት የሩቅ ዘመድ ነው።

ባለፈው ዓመት ለሳይንስ ክፍላችን ሁለት ጊኒ ፒጎች ተሰጡ፤ አንዱ ዳማ፥ አንዱ ነጭ። የመመገቡም ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ስንዴ፥ ፉርሽካና ዳቦ ሳላጓድል አቀርብላቸው ነበር፤ ጓደኞቼም ከምሳቸው እየቈረሱ ያካፍሏቸው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጩ ማነከስ ጀመረ፤ ጠጕሩ ተንጨባረረ፥ ጕልበቱ አበጠ፥ ሲነኩትም ይጮህ ጀመር። እኔም ወድቆ የተመታ መስሎኝ ዳቦ ጨመርሁለት። አንድ ሰኞ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት፤ ሳህኑ እንደ ሞላ ነበር።

መምህራችን «እስከ ዛሬ ምን ስታበላቸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ በአንድ ቈጥሬ ነገርኋቸው። «አረንጓዴ ነገርስ?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላም፥ በግ፥ ውሻና ጥንቸል ቪታሚን ሲ የሚባለውን በገዛ ጕበታቸው ይሠራሉ። ጊኒ ፒግ ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግ አንድ ኤንዛይም ስለ ጐደለው፥ ልክ እንደ ሰው ከምግብ ማግኘት አለበት። ካላገኘ ድዱ ይደማል፥ መገጣጠሚያው ያብጣል፥ በመጨረሻም ይሞታል። ይህም በጥንት ዘመን ብዙ መርከበኞችን የፈጀው ስከርቪ የተባለው በሽታ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ሊቃውንት ጊኒ ፒጎችን እህልና ዳቦ ብቻ ቢመግቧቸው በዚሁ በሽታ እንደ ታመሙ፥ ትኩስ ጎመን ወይም የሎሚ ጭማቂ የተጨመረላቸው ግን ከበሽታው እንደ ተጠበቁ ጻፉ። እኔም ሳላውቅ የእነርሱን ሙከራ ደገምሁ፤ ጎመኑን ግን ረሳሁ።

ታዲያ ምን እንመግበው?

አንደኛ፥ ዋና ምግቡ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ሊታጣ አይገባም። ጥርሶቹ ዕድሜውን ሁሉ ስለሚያድጉ፥ ሣር ማኘኩ ይሞርዳቸዋል፤ አንጀቱንም ያሠራዋል።

ሁለተኛ፥ በየቀኑ አንድ እፍኝ ያህል ትኩስ አትክልት፥ ይኸውም የማያቃጥል ቃሪያ፥ ሰላጣና በመጠኑ ጎመን ይሰጠው። ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ ያስፈልገዋል። ቪታሚኑን በመጠጥ ውሃው መበጥበጥ ግን አይበጅም፤ ኀይሉ ቶሎ ይጠፋልና።

ሦስተኛ፥ በየቀኑ የሚለወጥ ንጹሕ ውሃ ይኑረው።

አራተኛ፥ ካሮትና ፍራፍሬ ጥቂት ብቻ ይቅመስ፤ ዳቦ፥ ሽንኩርት፥ አቮካዶና የበቀለ ድንች ከቶ አይቅረብለት። በየሳምንቱ ይመዘን፤ መብላት ቢያቆም ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።

ዳማው በዚህ ሥርዐት ተመግቦ ድኗል፤ ዛሬ በሳይንስ ክፍል ልታዩት ትችላላችሁ።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ መናገር ለማይችል ፍጥረት ግን የሚቀርበት ሕይወቱ ነው። ነጩን የገደለው ክፋት አልነበረም፤ ዕውቀት ያልታከለበት ደግነት ነው። ሆድን መሙላትና መመገብ አንድ አለመሆናቸውን ከእርሱ ተማርሁ፤ ይህም ለእንስሳት ብቻ ሳይሆን ለእኛም ለልጆቻችሁ እንደሚሠራ ወላጆቻችን ታውቃላችሁ።

እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ስለምፈጽም ዳማውን ለታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ አስረክባለሁ። ከእርሱም ጋር አንድ ደብተር እሰጣችኋለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው የነጩ ታሪክ ነው። እባካችሁ እርሱን ሳታነቡ ሳህኑን አትሙሉ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።