ጥርጣሬህን ከሐኪሙ ክፍል ይዘህ አትውጣ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን በሐኪም ፊት ስለሚፈጠር አለመስማማት ነው።

በእኛ በሚዛን፣ በቴፒና በማሻ አካባቢ የስፔሻሊስት ሐኪም ቀጠሮ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያደክም ሁላችንም እናውቃለን። ከጤና ጣቢያ ወደ ሚዛን ይኬዳል፤ ከዚያም ሪፈር ተጽፎ ጅማ ድረስ ይዘለቃል። ለመሳፈሪያና ለማደሪያ የሚሆነው ገንዘብ ከቡናው ሽያጭ ላይ ተቀንሶ ይቀመጣል። አንድ አባት ልቧን የታመመች ልጁን ይዞ ከስፔሻሊስቱ ዘንድ ደረሰ እንበል። ሐኪሙ መረመራት፣ መድኃኒት ጻፈላትና የክትባት ካርዷን ጠየቀ። ካርድ የለም። «ይህች ልጅ ኩፍኝ ቢይዛት ከጤነኛ ልጅ ይልቅ ትጎዳለችና አስከትቧት» አለ። አባት ግን ስለ ክትባት የሰማው ወሬ አለ፤ ልቡ አልተቀበለም። ሆኖም «እሺ ዶክተር» ብሎ ወጣ። አገሩ ሲመለስም አላስከተባትም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህች «እሺ» ስንት ቤት ገብታለች! ሐኪሙ አባትየው የተስማማ መሰለው። አባት ጥርጣሬውን እንደያዘ ተመለሰ። ልጅቱ ያለ መከላከያ ቀረች። ያ ሁሉ የተለፋበት ቀጠሮ ዋናው ጥያቄ ሳይነሳበት አለቀ።

ኢስላም አለመስማማትን አይከለክልም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰሓቦችን ሰብስበው አማከሩ፤ ሐሳባቸውም ለሁለት ተከፈለ። ዑመር ለመመለስ ሲወስኑ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ፊት ለፊት ጠየቋቸው። ዑመርም የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን አስረዷቸው። በኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ማዘዛቸውን ነገሯቸው። እነዚያ ደጋጎች ጥያቄያቸውን አውጥተው ተነጋገሩ፤ በልባቸው ይዘው አልተለያዩም። ጥንቃቄም ከተወኩል ጋር እንደማይጣላ አስተማሩን።

ሳያውቁ መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው በጉዞ ላይ ሳለ ራሱ ላይ ቆሰለ። ገላውን መታጠብ ግዴታ ሲሆንበት በተየሙም መፈቀዱን ባልንጀሮቹን ጠየቀ። እነርሱም ሳያውቁ ታጠብ አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ወሬው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ለሞቱ ተጠያቂ ያደረጉት እነዚያን ሰዎች ነበር። ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ይህ ሐዲስ ለእኛ ለኢማሞችም ነው። የሰላት ጥያቄ ለእኛ ይቅረብ። የልብ ሕመም ያለባት ልጅ ትከተብ አትከተብ የሚለውን ግን ያጠናው ይመልሰው። በመስጊድ በራፍ ወይም በጫት መቃሚያ ላይ የሚሰጥ የሕክምና ፈትዋ ያ ቁስለኛ የገጠመውን እንዳያደርስብን እንፍራ።

ወረርሽኝ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የእኛ ምድር ታውቃለች። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ገብቶ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው እንደታመመና 30,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በሽታውን ያዛመተችው ትንኝ ከምትራባባቸው ቦታዎች አንዱ በጓሯችን ባለው እንሰት ቅጠል ሥር የሚጠራቀመው ውኃ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት በዓለም ላይ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ነበረ፤ ያን ያህል ሕዝብ ያለቀው ክትባቱ አስቀድሞ ሳይደርሰው ስለቀረ ነው። ኩፍኝም ቢሆን ቀላል አይደለም። ካልተከተቡና በሽታውም ይዟቸው ከማያውቁ አሥር ሰዎች መካከል ከታማሚው ጋር ቢቀራረቡ ዘጠኙን ያህል ይይዛቸዋል። በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ለለቀማ ከየአገሩ የሚመጣው ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ ተጨናንቆ ሲያድር አንድ ልጅ ብቻ ቢታመም ምን እንደሚሆን አስቡት።

«ታዲያ የሚጠራጠር ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነውን?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። በሰሜን ናይጄሪያ በምትገኘው በካኖ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረ ጊዜ አንድ ትልቅ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ በዚያ ከተማ ሕፃናት ላይ አዲስ መድኃኒት ሞከረ። ወላጆች በትክክል ሳንጠየቅ ነው ብለው ከሰሱ። እንግዲህ በ2003 የፖሊዮ ጠብታው ያመክናል የሚል ወሬ ሲነሳ ሕዝቡ ለማመን የቅርብ ምክንያት ነበረው። ካኖ ክትባቱን አቆመች። ከዚያም ክትባቱ እንዲመረመር ተደረገ፤ ከሙስሊም አገር ከኢንዶኔዥያ የተሠራ ክትባትም መጣ። በ2004 ዘመቻው ቀጠለ።

ጥያቄው መልስ አገኘ። መልሱ እስኪመጣ ግን በሽታው አልጠበቀም። ቫይረሱ ከናይጄሪያ ተነስቶ ድንበር እየተሻገረ ብዙ አገሮች ደረሰ። በሱዳን በኩል ወደ አገራችንም ገባ። በ2005 ክትባቱን ወደ ላከችው ወደ ኢንዶኔዥያ ሳይቀር ደርሶ ሕፃናትን ሽባ አደረገ። መጠየቃቸው መብታቸው ነበር፤ ጠብታውን ዘግቶ መቆየቱ ግን ዋጋ ያስከፈለው ምንም የማያውቁትን ሕፃናት ነው።

ሌላው የሚደርሰን ጥያቄ የሐላልና የሐራም ነገር ነው። አንዳንድ ክትባቶች ውስጥ ከእንስሳ የተገኘ ጀላቲን አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ ዑለማና የሕክምና ሊቃውንት ተወያይተውበት፣ መነሻው ርኩስ ቢሆንም ባሕርዩ ፈጽሞ ከተለወጠ ብይኑም እንደሚለወጥ ተናግረዋል። ይህ የሚያስጨንቃችሁ ካለ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ዓሊሞቻችሁንም ጠይቁ።

እንግዲህ ቀጠሮ የያዛችሁ፣ እንዲህ አድርጉ። የምትጠይቁትን ከቤት ሳትወጡ ከባለቤታችሁ ጋር ተመካከሩበትና በወረቀት ያዙት። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስለዚህ ክትባት ልቤ አልረጋም፤ የሰማሁት እንዲህ ነው» በሉ። ለዚህ ልጅ ጥቅሙ ምንድን ነው? ከተከተበች በኋላ ምን ሊሰማት ይችላል? ባትከተብስ ምን ያሰጋታል? ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ ሕመም ወይም የምትወስደው መድኃኒት ካለ አትደብቁ። ሐኪሙ ራሱ «ይቆይ» የሚልበት ጊዜ አለና፤ የኩፍኝ ክትባት ለነፍሰ ጡር ሴትና የሰውነት መከላከያው እጅግ ለተዳከመ ሰው አይሰጥም። ዝም ካላችሁ ይህንንም ማወቅ አይቻልም። አማርኛው ከከበዳችሁ የሚያስተረጉምላችሁ ሰው ይዛችሁ ግቡ። መልሱ ካላረካችሁ ሌላ ሐኪም መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ቶሎ ጠይቁ።

እናንተም ሐኪሞቻችን፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣውን አባት ስለጠየቀ አትቆጡት። ወረፋው እንደሚያጣድፋችሁ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በትዕግሥት የተነገረች አምስት ደቂቃ ልጅ ታተርፋለች። የተቆጣችሁት አባት ግን ሁለተኛ አይጠይቃችሁም፤ «እሺ» ብሎ ይወጣል።

ልጆቻችን በእጃችን ያሉ የአላህ አማናዎች ናቸው። ስለ አማናችን በቂያም ቀን ስንጠየቅ «ሰዎች ሲሉ ሰምቼ ነው» ማለት ምን ያህል ያዋጣናል? አላህ ለታመሙት ሺፋውን ያውርድ፣ ለሐኪሞቻችን ትዕግሥትን፣ ለእኛም የማናውቀውን የምንጠይቅበትን ድፍረት ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።