መጀመሪያ ደም እንዳለው እንጠይቅ

ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪ በያህ፣ ከአውበሬና ከቶጎ ውጫሌ የመጣችሁ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፤

ጀርሞች መድኃኒት ለመዱ ሲባል ብዙ ጊዜ ተጠያቂ የሚደረገው ኪኒኑን ሳይጨርስ ያቋረጠ ታማሚ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ከዚያ የሚቀድመውን፣ ማዘዣ ስንጽፍና መድኃኒት ቆጥረን ስንሰጥ የምንወስነውን ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሰው ሁሉ አንቲባዮቲክ መስጠታችን፣ በእርግጥ ለሚያስፈልገው ቀን መድኃኒት እያሳጣን ነው ብዬ አምናለሁ። ሺጌላን እንውሰድ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ይህ ባክቴሪያ ሰው ለማሳመም ከመቶ ያነሰ ቁጥር ይበቃዋል፤ ውኃ በቦቴ በሚጠበቅበት ወይም ከቢርካ በሚቀዳበት ሰፈር እጅ መታጠብ ራሱ ወጪ ነውና በቀላሉ ይዛመታል። መጀመሪያ ሰልፋን፣ ከዚያ ቴትራሳይክሊንን፣ አምፒሲሊንንና ኮትሪሞክሳዞልን፣ በኋላም ናሊዲክሲክ አሲድን ለመደ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ቀዳሚ ያደረገው ሌሎቹ ስላለቁበት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ገና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንዳሳዩት፣ መድኃኒት የመቋቋም ጸባይ ከኢ. ኮላይ ወደ ሺጌላ በቀጥታ ይተላለፋል። ለጉንፋን ያለ አግባብ የተዋጠ ኪኒን አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ጉዳት የሌለው ኢ. ኮላይ ሲመታ፣ የሚተርፉትና የሚበዙት የለመዱት ናቸው፤ በኋላ የሚገባው ሺጌላ ወይም ሳልሞኔላ ያንን ጸባይ ከእነሱ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በፓኪስታን ሲንድ ግዛት የተነሳው፣ ሴፍትሪአክሶን የማይመልሰው የታይፎይድ ወረርሽኝ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። እዚያ በአፍ ከሚወሰዱት የቀረው አዚትሮማይሲን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

እኛ ዘንድ ችግሩ የሚጀምረው ከላቦራቶሪ ወረቀቱ ነው። በተለመደው የሰገራ ምርመራ በማይክሮስኮፕ አሜባና ጃርዲያ፣ መግልና ቀይ የደም ሕዋስ ይታያል፤ ሺጌላንና ሳልሞኔላን ግን ከሌላው የአንጀት ባክቴሪያ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አሜባ ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይታዘዛል፣ እንዳያመልጠን ተብሎም ሲፕሮ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ጓቲማላ ላይ ሺጌላ አሜባ ተብሎ ሲታከም ቆይቶ፣ በወረርሽኙ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። የዊዳል ምርመራም ያው ነው። «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ከታይፈስ ምርመራ ጋር በአንድ ላይ የሚታዘዘው ይህ ምርመራ ቀድሞ የታመመውንም ሌላ በሽታ ያለበትንም ፖዘቲቭ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በእሱ ብቻ ሴፍትሪአክሶን መጀመር ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም።

«ካልቸር በሌለበት ጤና ጣቢያ ምን እናድርግ? እናት ከሩቅ ቀበሌ መጥታ ባዶ እጇን ትመለስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። መልሱ ግን ባዶ እጅ መመለስ አይደለም። ደም የሌለበት የልጅ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ወይም በራሱ የሚድን ነው፤ ልጁን የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ ነው። ኦአርኤስና ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ዚንክ ሙሉ ሕክምና ነው፤ አበጣበጡን በቋንቋዋ አስረድተን ከሰጠናት የሚገባትን ይዛ ሄዳለች። ሰገራው ደም ካለው፣ ወይም ኮሌራ ተጠርጥሮ ፈሳሽ ክፉኛ ካለቀበት፣ አንቲባዮቲክ ሳንዘገይ እንስጥ። ደም መኖሩን ለመለየት ደግሞ ላቦራቶሪ አያሻም፤ እናትየዋን መጠየቅና ጨርቁን ማየት ይበቃል።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ድንበሩ ነው፦ መድኃኒቱ በቶጎ ውጫሌ በኩል በኮንትሮባንድ እየገባ፣ ያለ ማዘዣ እየተሸጠ፣ ለግመልና ለፍየልም ኦክሲቴትራሳይክሊን በእረኛው እጅ እየተወጋ፣ የእኛ ጥንቃቄ ምን ይለውጣል? እውነት አለው፤ ቁጥጥሩም የእንስሳት ሐኪሞችን ይዞ መጠናከር አለበት። ነገር ግን ሰው ያለ ማዘዣ የሚገዛው ባለፈው ጊዜ ሐኪም ያዘዘለትን ስም ጠርቶ ነው። ሲፕሮን ለተቅማጥ ያስለመድነው እኛ ነን፤ የምናስተወውም እኛው ነን።

ካልቸር ለእያንዳንዱ ታማሚ ይሠራ ማለቴም አይደለም። ደም ካለው ተቅማጥ ናሙና በስዋብ ወስዶ በካሪ ብሌር ማጓጓዣ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ በቅዝቃዜ ወደ ጅግጅጋ መላክ ከውጫሌም ከቀብሪ በያህም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ሳህኑ ላይ በየዲስኩ ዙሪያ የጠራውን ክብ በሚሊሜትር ለክተን ውጤቱን በየወሩ ብናጠራቅም፣ ለፋፈን ዞን የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ከራሳችን ናሙና እናውቃለን። ከሰዓት በኋላ የምትለማመዱት የስዋብ አወሳሰድ ለዚሁ ነው። ውጤቱ ናሙናውን ወደ ላከው ጤና ጣቢያ በስንት ቀን እንደሚመለስ ሳንወስን ግን ከዚህ አዳራሽ እንዳንወጣ አደራ እላለሁ።

ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።