ያለ እንባ የሚያለቅሱ ልጆች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



ለዚህ በዓል ከየክፍሉ አንድ አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፥ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተከራከርን። ስለ እርሻ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ ስለ ስፖርት ጥቅም ይሁን ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ግን በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ነርቮች ስንማር ካነበብነው ሁሉ ከልባችን ያልወጣውን አንድ ነገር መረጥን፤ እርሱም ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ፥ ከአገራችን ርቆ የሚገኝ ሕመም ነው። «ከእኛ የራቀ ከሆነ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነውና ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እናንተ አሁን ተቀምጣችሁ ታዳምጡናላችሁ። ከወንበራችሁ በምትነሡበት ቅጽበት ግማሽ ሊትር የሚያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። ይህ ደም እዚያው ቢቀር ኖሮ ሰው ሁሉ በተነሣ ቁጥር ራሱን ስቶ በወደቀ ነበር። ነገር ግን በአንገትና በደረት ውስጥ ባሉት ታላላቅ የደም ሥሮች ላይ እንደ ዘበኛ የቆሙ ነርቮች አሉ፤ ግፊቱ መቀነሱን ወዲያው ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም የደም ሥሮቹን «ጥበቡ»፥ ልብን «ፍጠን» ብሎ ያዛል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይፈጸማል፤ ባለቤቱ ግን አያውቀውም። ምራቅን፥ ላብን፥ እንባን፥ የሆድን እንቅስቃሴና የሰውነትን ሙቀት የሚያስተዳድረው ይኸው ሥርዓት ነው። ያለ እኛ ትእዛዝ የሚሠራ ስለ ሆነ ሊቃውንት ራስ ገዝ የነርቭ ሥርዓት ይሉታል። በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ጌታው ተኝቶ ሳለ እሳቱን የሚያዳፍን፥ ውሃውን የሚቀዳ፥ በሩን የሚዘጋ ታማኝ መጋቢ አለ እንደ ማለት ነው። መጋቢው የቀረ እንደሆነ ያን ሁሉ ሥራ ሌላ ሰው በእጁ ሊሠራው ነው።

እንግዲህ ይህ መጋቢ ከመወለዳቸው ጀምሮ የጎደላቸው ልጆች አሉ። በ1949 በኒው ዮርክ ከተማ ኮንራድ ራይሊና ሪቻርድ ዴይ የተባሉ የሕፃናት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስለ አምስት ልጆች ጻፉ። ልጆቹ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ቆዳቸው በድንገት በቀይ ይዥጎረጎራል፤ የደም ግፊታቸው ከልክ በላይ ይወጣል፤ ሲያለቅሱም እንባ የላቸውም። ሕመሙ በመጀመሪያ በሁለቱ ሐኪሞች ስም ተጠራ፤ ኋላም ፋሚሊያል ዲስኦቶኖሚያ ተባለ፤ ይኸውም በዘር የሚወረስ የራስ ገዝ ነርቮች መታወክ ማለት ነው። የሚገኘው ከሞላ ጎደል አሽከናዚ በሚባሉት፥ የትውልድ ሐረጋቸው ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ በሚመዘዝ አይሁድ ዘንድ ነው። በዓለም ሁሉ የተመዘገቡት ታማሚዎች አንድ ሺህ አይሞሉም።

ስለ እንባው ጥቂት እንቆይ። ማንኛውም ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲያለቅስ እንባው በጉንጩ አይወርድም፤ ስለዚህ እናቲቱ ወዲያው ልታውቅ አትችልም። ወራት ካለፉ በኋላ ግን የጎረቤት ልጆች በእንባ ሲታጠቡ የእርሷ ልጅ ይጮኻል፥ ፊቱ ይቀላል፥ ጉንጩ ግን እንደ ደረቀ ይቀራል። እኛ «ዓይነ ደረቅ» ስንል ኀፍረት የሌለው፥ የማይመለስ ሰው ማለታችን ነው። ለቅሶ ቤትም ገብቶ እንባ ያላወጣውን ሰው «ሐዘኑ ከአንገት በላይ ነው» እንላለን። እንባ የልብ ምስክር ነው ብለን ስለምናምን ነው። እነዚህ ልጆች ግን እንደ ማንኛችንም እያዘኑ ምስክሩ የላቸውም። ከዚህም ሌላ፥ እንባ ለሐዘን ብቻ አልተሠራም፤ ዓይንን የሚያጥብና የሚያለሰልስ እርሱ ነው። እርሱ ሲጎድል የዓይኑ ፊት የሆነው ጥርት ያለው ሽፋን ይደርቃል፥ ይቆስላል፤ ልጁም ዓይኑ ላይ ሕመም በደንብ ስለማይሰማው አያሽም፥ አይናገርም። ስለዚህ እናት ወይም አባት በቀን ብዙ ጊዜ ከጠርሙስ ሰው ሠራሽ እንባ ያንጠባጥቡለታል። እንባ የሚያስለቅስ ነገር ሳይኖር፥ ሰዓት ተቆጥሮለት እንባ የሚሰጠው ልጅ ከዚህ በፊት ሰምተን አናውቅም ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በሽታው ራሱ ከባለቤቱ የተደበቀ እንደሆነስ? በዚህ ሕመም የሕመምና የሙቀት ስሜት እጅግ ደካማ ነው። ልጁ አጥንቱ ተሰብሮ ሊጫወት ይችላል፤ የፈላ ውሃ እጁን ሲልጠው ዘግይቶ ያውቃል። በእኛ ቤት ልጅ ሲወድቅ ጩኸቱን ሰምተን እንሮጣለን፤ በእነዚያ ቤቶች ግን ማታ ማታ ሰውነቱን እየገለጡ ቁስል ወይም እብጠት ካለ ይመለከታሉ። ምላሱም ለስላሳ ነው፤ ጣዕም የሚለይባቸው ጉብጉብ ያሉ ነጥቦች ይጎድሉታል።

መብላት እንኳ ሥራ ነው። የመዋጥ ሥርዓቱ የተዛባ ስለ ሆነ የጠጣው ወተት ወይም ውሃ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣበታል። ለዚህም ሐኪሞች ከሆዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው በቀጭን ቱቦ ውሃና ምግብ በቀጥታ ወደ ጨጓራው እንዲገባ ያደርጋሉ። ብዙዎቹ የጀርባ አጥንታቸው ይጣመማል፤ ዕድሜያቸው ሲገፋ አረማመዳቸው ይናወጣል፥ የዓይናቸውም ብርሃን እየደከመ ይሄዳል። አእምሯቸው ግን ብዙውን ጊዜ እንደ እኩዮቻቸው ነው፤ ይማራሉ፥ ይቀልዳሉ፥ ይጣላሉም።

አሁን ወደ ዘበኞቹ እንመለስ። በዚህ ሕመም ልብም አንጎልም በቦታቸው አሉ፤ የጎደለው በመካከላቸው ወሬ አቀባዩ ነው። ልጁ ሲነሣ ግፊቱ ይወድቃል፤ አንጎል ግን ወሬው ስላልደረሰው አያዝም። ስለዚህ ልጁ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣል፥ የእግሩን ጡንቻ ያጠብቃል፥ አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ ያደርጋል። ግፊቱ ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ «በዛ፥ ይብቃ» የሚል መልእክተኛ የለም። ከዚህ የተነሣ ሐኪሞች ቀውስ የሚሉት ነገር ይመጣል፤ ልጁን ያቅለሸልሸዋል፥ በላይ በላዩ ያጥወለውለዋል፤ ልቡ ይደልቃል፥ ላብ ያጠምቀዋል፥ ግፊቱ ወደ ላይ ይተኮሳል። አንዳንድ ጊዜ ለሰዓታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለቀናት ይቆያል፤ ለማስታገስ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ይሰጣል። ቀውሱን የሚቀሰቅሰው ጉንፋን ወይም ቁጣ ብቻ አይደለም፤ የልብ መነካት ሁሉ ሊቀሰቅሰው ይችላል። እኛ ዓመቱን ሙሉ የምንናፍቀው በዓል፥ የምንፈራውም ፈተና፥ በእነዚያ ቤቶች አስቀድሞ ዝግጅት የሚደረግለት ቀን ነው። ሳናነበው በፊት ደስታ ጥንቃቄ ይሻል ብንባል አናምንም ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። ከእነዚህ ታማሚዎች ብዙዎቹ ኦክስጅን ሲያንሳቸው ሰውነታቸው ፈጥኖ አይነቃም፤ ትንፋሻቸውም እንደ ሌላው ሰው አይጨምርም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ መጥለቅ፥ አውሮፕላን መሳፈርና ከፍተኛ ቦታ መውጣት የሐኪም ምክር ይፈልጋል። በበረራ ላይ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሊሳሳ ይችላል፤ ይህ አሁን የምንገኝባት የአዲስ አበባ ከፍታ ያህል ነው። እኛ ኳስ የምንራገጥበት ሜዳ ለአንዱ የዓለም ልጅ አደጋ ነው።

ምን አገባን ላለው ጠያቂ መልሳችን እዚህ ላይ ነው። ከክፍላችን አንዱ ጓደኛችን የስኳር ሕመም አለበት፤ በፈቃዱ እንናገራለን። በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል፤ የእኛ ቆሽት በስውር የሚሠራልንን እርሱ በመርፌና በሰዓት ይሠራዋል። ስለ እነዚያ ልጆች ስናነብ ከሁላችን አስቀድሞ የገባው እርሱ ነበር። «እኔ አንዱን ሥራ ነው የያዝኩት፤ እነርሱ ግን ሁሉንም ይዘዋል» አለን። መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሆነ እርሱን የመሰለ ታናሽ ተማሪ በትምህርት መካከል ቁራሽ ዳቦ ከኪሱ አውጥቶ ቢበላ ወይም በድንገት ወደ ውጭ ቢወጣ በክፍሉ ፊት ምክንያቱን እንዳይጠየቅ ነው። ጧት በሰልፍ ላይ ቆሞ ራሱን የሚስት ተማሪም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር ነው፥ ከምንናገርለት ሕመምም ጋር አይገናኝም፤ ቢሆንም ወላጆቹ ይወቁለት፥ የሚደጋገም ከሆነም ሐኪም ይየው።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ በዚህ ሕመም ከተያዙት ብዙዎቹ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ዛሬ ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ 40 ዓመት ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። ፈውስ አልተገኘለትም፤ ዕድሜያቸው የረዘመው በቱቦው፥ በጠብታውና በጥበቃው ነው። ወላጆች በ1951 በአሜሪካ ማኅበር አቁመው ገንዘብ ሰበሰቡ፤ በ1970 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሕመም ብቻ የሚሠራ የሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ በኢየሩሳሌምም በሐዳሳ ሆስፒታል ሌላ ተከፍቶ ነበር።

በ2001 በኒው ዮርክና በቦስተን በየበኩላቸው የሚሠሩ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች የሕመሙን መነሻ አገኙ፤ በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ባለ አንድ ጂን ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ ነው። ከአሽከናዚ አይሁድ ከ30 ሰው አንዱ ያህል ይህን ጉድለት ሳያውቀው፥ ሳያመውም ይሸከማል። ሁለት ተሸካሚዎች የተጋቡ እንደሆነ በእያንዳንዱ ወሊድ ልጁ ታማሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አባቶቻችን ጋብቻ ሲያስቡ እስከ ሰባት ቤት መቁጠራቸው ዘር ለዘር እንዳይቀራረብ ነው፤ እዚህ ግን ሰባት ቤት አይበቃም፤ ጉድለቱ የመጣው ከዚያ እጅግ ከራቀ ቅድመ አያት ነውና።

በክፍላችን ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ይህ ነው። ጆሴፍ ኤክስታይን የተባሉ የብሩክሊን ረቢ ቴይ ሳክስ በተባለ ሌላ የዘር በሽታ አራት ልጆች ሞቱባቸው፤ በ1983ም ዶር የሾሪም የሚባለውን ድርጅት አቆሙ። ድርጅቱ የእኛን ዕድሜ የሚያህሉ ወጣቶችን ደም ይመረምራል፤ ዛሬ ከሚመረምራቸው ሕመሞች አንዱ ዲስኦቶኖሚያ ነው። ወጣቱ ስሙ አይመዘገብም፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ውጤቱም አይነገረውም። ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ሲተጫጩ ቁጥሮቻቸውን ያቀርባሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ተሸካሚዎች ከሆኑ ብቻ ይነገራቸዋል። በእንዲህ ያለ ምርመራ ምክንያት ከሕመሙ ጋር የሚወለዱት ልጆች ቁጥር እጅግ ቀንሷል። አብዛኞቻችን ስም ሳይነሣ በቁጥር መሆኑን ወደድነው፤ ማንም «ዘሩ እንዲህ ነው» ተብሎ አይታማምና። የገዛ ደማችንን ምሥጢር ሌላ ሰው እያወቀው እኛ አለማወቃችንን ግን ብዙዎቻችን አልወደድነውም። ከዚያም አንዲት እኅታችን ተነሥታ፥ ዛሬ 30 ወይም 40 ዓመት የሞላው፥ በቱቦ ውሃ እየጠጣ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ስለዚህ ምርመራ ሲሰማ ምን ይል ይሆን ብላ ጠየቀች። ገሚሱ፥ ማንም ልጁን በሥቃይ እንዲወለድ ስለማይፈልግ እርሱም ምርመራውን ይደግፋል አለ፤ ገሚሱም፥ ይደግፍ ይሆናል፥ ነገር ግን «የእኔን መሰል አይምጣ» ሲባል መስማት ከሕመሙ ሌላ ሕመም ነው አለ። ደወሉ ሲደወል አልጨረስንም ነበር።

ክርክሩ በመጪው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀጥላል፤ መምህራንም ወላጆችም መጥታችሁ ሐሳባችሁን ብትሰጡን ደስ ይለናል።