ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ



«ሴት ከጓዳ እንጂ ከሸንጎ ምን አላት?» ሲባል ሰምታችኋል። ዛሬ ይህን አባባል በሥራቸው ስላፈረሱ ሴት እነግራችኋለሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሴት ናት ብለው አላስቀሯቸውም፤ ስዊስ አገር ልከው አስተማሯቸው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ተማርከውም አዚናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው ብዙ ልጃገረዶችን አስተማሩ።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሴትም እንድትመርጥና እንድትመረጥ ፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ሲደረግ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። ከዚያ በፊት በምርጫ ምክር ቤት የገባች ሴት አልነበረችም። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። በ2001 ዓ.ም. አረፉ።

እስቲ ልብ በሉ። ሕጉ በር ከፈተ፤ በበሩ ለመግባት ግን ትምህርት ነበራቸው። ማንበብ የማትችል ሴት ሕጉ ቢፈቅድላትም የተጻፈላትን በምን ታውቃለች?

እናንተም ዘንድሮ ፊደል ቆጥራችኋል። ታዲያ ወንድሟ ትምህርት ቤት ሲሄድ እንስራ አዝላ ወንዝ የምትወርደውን ልጅ አስቧት። ውኃውን በተራ ይቅዱት። ውኃ ማታም ይቀዳል፤ የልጅነት ዕድሜ ግን ካለፈ አይመለስም።