«መቼ ነው የምትመረቂው?»



በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። ጥቂት ቆይቶ እናንተም የዛሬ ተመራቂዎች ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጡ ተባላችሁ። ብዙዎቻችሁ «አሁን እንመለሳለን» ብላችሁ ደብተራችሁን ሎከር ውስጥ ቆልፋችሁ ሄዳችሁ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዶርሞቹ ለይቶ ማቆያ ሆኑ።

ስለ ማስኩና ስለ ሳኒታይዘሩ ብዙ ተብሏል። ቤት ከገባችሁ በኋላ ስላስጨነቃችሁ ነገር ግን እምብዛም አልተወራም። መምህሩ ሃንድአውት በቴሌግራም ይልካል፤ ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። የገጠሩ ልጅ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ይወጣል። በዚያ ክረምት ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሳምንታት ተቋረጠ።

ከሁሉ የከበደው ግን የጎረቤት ጥያቄ ይመስለኛል። ቡና ሊጠጡ የመጡ እናት «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምትመረቂው?» ይላሉ፤ በክፋት አይደለም፣ እንዲያውም በፍቅር ነው። ልጅቷ ስኒውን አቀብላ ጓዳ ትገባለች። መልሱን እሷም አታውቀው፣ ዩኒቨርሲቲውም አያውቀው። የእናቷ ጉሊት ቀዝቅዟል፣ የአባቷ ሥራ ቆሟል፤ ለካርድ የሚሆን ብር ለመጠየቅ እንኳ ትሳቀቃለች። ሌሊት መጽሐፍ ትገልጣለች፤ አንዱን ገጽ ደጋግማ አንብባ ምንም አይገባትም።

ስትመለሱ የወራት ትምህርት በሳምንታት ታጭቆ ጠበቃችሁ። በዚያ መሀል ግሬዱ የወረደበትን ተማሪ ሰነፍ ያልን አለን። ይህ ግፍ ነበር። የተጨነቀ ሰው ማጥናት እያማረው ማጥናት ያቅተዋል፤ የሚያስፈልገውም ቁጣ ሳይሆን የሚያዳምጠው ሰው ነው።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን አመራሮች አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የምክር አገልግሎት ቢሮውን ተማሪው የሚያውቀው ውጤቱ ከተበላሸ በኋላ መሆኑ ይቅር። ግቢ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በሩን ይወቀው፤ በቂ ባለሙያም ይመደብበት። ወረርሽኝ ነገም ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ተማሪውን ቤቱ ስንሸኘው ማን እንደሚደውልለት ከወዲሁ ይወሰን።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስለ ቀጣዩ ሥራ ከመጠየቃችሁ በፊት ያንን ዓመት እንዴት እንዳለፉት ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁ ብዙ ነገር አላቸው።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ!