የርእሰ ጉዳይ መጠሪያዎችን በልክ ስለ ማሳየት



ስለ ጋፋት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ለካታሎግ ባለሙያ ቀረበ እንበል። ጋፋት፣ እንደሚታወቀው፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የነበሩ የእጅ ጥበብ ሰዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። «ሴባስቶፖል» የተባለው ታላቅ መድፍ እዚያ ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በፊቱ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። ታዲያ ለዚህ መጽሐፍ ስንት መጠሪያ ይበቃዋል? ቴዎድሮስ፣ ሚስዮናውያን፣ መድፍ፣ የብረታ ብረት ሥራ፣ የእጅ ጥበብ፣ የመንገድ ሥራ፣ ጋፋት፣ ደብረ ታቦር፣ ደቡብ ጎንደር፣ መቅደላ፣ ኢትዮጵያ። ትጉህ ባለሙያ ዐሥራ አንዱንም ይጽፍ ይሆናል፤ ትጋቱም የሚነቀፍ አይደለም።

በካርድ ዘመን ይህን የሚገታ ነገር ነበር። ለእያንዳንዱ መጠሪያ አንድ ካርድ በታይፕ ተመትቶ በፊደል ተራ ወደ መሳቢያው መግባት ነበረበት። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው የባለሙያው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የጸሐፊዋ ድካምና የመሳቢያው ስፋት ጭምር ነበር። ኮምፒውተር ይህን ድካም ካስወገደ ወዲህ መጠሪያ መጨመር ወጪ የሌለው ሥራ መስሎ ታየ። ወጪው ግን ወደ አንባቢው ተዛውሯል፤ ካታሎጉን በእጅ ስልኩ የሚከፍት ተማሪ ከሚፈልገው ለመድረስ ረጅም የመጠሪያ ሰልፍ ማለፍ አለበት።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መመሪያ በጠቅላላው እስከ ስድስት መጠሪያ ተገቢ ነው ይላል፤ ራሱ ቤተ መጻሕፍቱም ለአንድ ሥራ ከዐሥር አያሳልፍም። ከመጽሐፉ 20 በመቶ ያህሉን ለማይሸፍን ጉዳይም በተለምዶ መጠሪያ አይሰጥም። ይህ እንግዲህ የመመዝገቢያ ልክ ነው። የማሳያ ልክ ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ ገጹ እንዲያምር ሲባል ከመዝገቡ መሰረዝ ከባድ ስሕተት ነው፤ የተሰረዘውን ፈልጎ የሚያገኝ አይኖርምና።

የማሳያው ልክ የሚበጀው በኮድ ነው። በ1992 ዓ.ም. በኒውዚላንድ ሥራ በጀመረውና በነጻ በሚገኘው ኮሃ፣ የማርክ መዝገብ ወደ ገጽ የሚለወጠው ኤክስ ኤስ ኤል ቲ በሚባል የቅርጽ ፋይል ነው። መጠሪያዎቹን አንድ በአንድ በሚያወጣው ትእዛዝ ላይ «ተራ ቁጥሩ ከሦስት ካልበለጠ» የሚል ሁኔታ ቢጨመር ገጹ ወዲያው ይቀላል። አንዲት መስመር ናት፤ ጣጣዋ ግን ብዙ ነው።

በማርክ አሠራር የሰው ስም በ600፣ ጉዳይ በ650፣ የቦታ ስም በ651 ይመዘገባል። መዝገቦችም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ቁጥር ተራ ይሰለፋሉ። ኮዱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ሲወስድ ቴዎድሮስ፣ ሚስዮናውያንና መድፍ ይታያሉ፤ ጋፋትና ደብረ ታቦር ከገጹ ይወርዳሉ። ስለ ጋፋት የተጻፈ መጽሐፍ ጋፋትን ሳይጠራ ቀረበ ማለት ነው! ስለ ጉና ተራራ፣ ስለ ርብና ጉማራ ወንዞች የተሠራ ጥናትም ዕጣው ይኸው ነው፤ የአፈር መሸርሸር፣ ገብስና ድንች ይታያሉ፣ ጉና አይታይም። መዝገቡ ስላልተነካ የቦታውን ስም ጽፎ የፈለገ ያገኘዋል። በዓይኑ እያየ የሚመርጠው የፋርጣ መምህር ግን የአገሩን ጥናት ከሌላ አገር ጥናት ሳይለይ ያልፈዋል።

መድኀኒቱ ሁኔታውን ለሁለት መክፈል ነው። ኮዱ በቅድሚያ ከ651 አንድ፣ ከዚያም ከቀሩት ሁለት ይውሰድ፤ ሌሎቹ «ተጨማሪ» በሚል ቃል ሥር ተሰብስበው አንባቢው ሲነካው ይገለጡ። ባለሙያውም በበኩሉ ዋነኛውን ጉዳይ ከጉዳዮቹ ፊት፣ ጋፋትንም ከኢትዮጵያ ፊት ማስቀደም ይገባዋል፤ ኮዱ ከተራው በቀር የሚያውቀው ነገር የለምና። የተሻሻለው ፋይል በራሱ ስም ተቀምጦ ከሥርዓቱ ምርጫዎች ጋር ይያያዝ፤ በዋናው ፋይል ላይ የተጻፈ ለውጥ ሥርዓቱ ሲታደስ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የስሞቹ አጻጻፍ መጽዳት አለበት። በአንዱ መዝገብ «ደብረ ታቦር»፣ በሌላው «ደብረታቦር»፤ እዚህ «ጎንደር»፣ እዚያ «ጐንደር» ተብሎ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ አጻጻፎች በአንድ መዝገብ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሦስት ቦታ ብቻ በቀረበት ገጽ ላይ አንድ ከተማ ሁለቱን ይዞ ይቀመጣል።